ከአቮካዶው ጀርባ

መብራት በጠፋ ቁጥር ካዛንቺስ ሻማ ሲፈልግ፣
እኔ ብርድ ነው የምፈልግ፤
ሦስት ብልቃጥ መድኃኒት በፎጣ ጠቅልዬ፣
ሌላው ልጁን በጀርባው፣ እኔ በደረቴ አዝዬ፣
ቁልቁል እሮጣለሁ ወደ ሙኒራ ጭማቂ ቤት።
ጄኔሬተር አላት። ፍሪጅ አላት።
አለመጠየቅ የሚባል ሀብትም አላት።

“የስኳር መድኃኒት ነው” አልኳት የመጀመሪያ ለት፣
በዚያው አፌ ማንጎ አዘዝኩ፣ ስኳር በዛ ያለበት።
አየችኝ። ፈጨችው። ቀዳችልኝ።
ብልቃጦቹን ከአቮካዶው ጀርባ አስቀመጠችልኝ።

ክሊኒኩ ከስታዲየም ማዶ ነው፣ ባንክ ካለበት ፎቅ ላይ፤
ከታች እናወጣለን፣ ከላይ እንከፍላለን፣
አሳንሰሩ አይሠራም፤ መሃል ላይ እናርፋለን።
ዶክተሯ የደረሰኝ ጀርባ ላይ መንገዶቹን ሣለች፤
“ይሄ ቀላሉ ነው፣ ለእናንተ አይሆንም” አለች።
“ይሄኛው የሷን እንቁላል አውጥቶ፣
ካንተ አንዲት ደኅና ዘር ለቅሞ፣
በቀጭን መርፌ ውስጡ መክተት።
ሦስተኛው የሌላ ሰው...”
“ይቅርብን” አልኩ።
ትርሲት “ትጨርስ” አለች።
ጨረሰች። አራተኛው ማደጎ ነበር።
የትርሲት እቁብና የተሸጠው ሞተሬ
ሁለተኛውን መረጡ።

እዚህ ላይ ልመለስ፤ አንድ ነገር ዘልዬ ነው የመጣሁ።
የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በፋሲካ ገበታ ላይ፣
እናቴ “ፍሬ የሌለው ዛፍ...” አለች፣ ትርሲትን ሳታይ።
የቀረውን ለዶሮው ወጥ ተወችው።
እኔ አጥንት እግጥ ነበር።
ኪሴ ውስጥ አራት የታጠፈ ወረቀት ነበር፤
ስሙ የምንውየለት፣ ቁጥሩም የምንውየለት፣
“እጅግ ዝቅተኛ” ከሚለው ሥር ማኅተም ያረፈበት።
አጥንቱን ጋጥኩ።
ትርሲት ታውቅ ነበር።
ድፎውን አቀበለችኝ።

መርፌው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ደቂቃ አይዛነፍም።
ሸሚዟን ትሰበስባለች፤ ሆዷ ላይ ቦታ አይተርፍም፣
የትናንቱ ሰማያዊ፣ የትናንት ወዲያው ቢጫ።
“አንተ ውጋኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል” ትላለች፣
የማን እጅ እንደሚንቀጠቀጥ ሁለታችንም እያየን።
ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት
“መጀመሪያ አልኮሉ ይድረቅ” ትላለች።

አሥራ አንድ አወጡ። ስምንቱ በስለዋል።
የቀረውን የምንሰማው በስልክ ነው።
ለገሃር፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ነርሷ “አራት” አለችኝ፤
ረዳቱ ከጆሮዬ ሥር “አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!”
የምሄደው ሜክሲኮ ነበር።
ገባሁ።

በአምስተኛው ቀን ሁለት ቀሩ።
አንዱን ለትርሲት፣ አንዱን ለበረዶ ሰጡ።
“መብራት ቢጠፋበትስ?” ብዬ ጠየቅኩ።
ሳቁብኝ።
ትርሲት አልሳቀችም።

እሑድ እናቴ ጋ ሄጄ ወረቀቱን አነበብኩላት።
እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል፤ በሁለት እጄ ያዝኩት።
መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣
ጠርታም ጠረገችው።
“እሷ ታውቅ ነበር?”
“ታውቅ ነበር።”
“ያን ለት ድፎውን...” አለችና
ይሄንንም ሳትጨርስ ተወችው።

ውጤቱ ሐሙስ ነው። ዛሬ ማክሰኞ።
ብርድ የሚፈልገው መድኃኒት አልቋል፤
ሙኒራ ጋ የሚወስደኝ ጉዳይ የለኝም።
ሄድኩ። ማንጎ አልኩ።
ፍሪጁን ስትከፍት አየሁት፤
ፓፓዬው በፓፓዬ ላይ፣ ጊሽጣው በሩን እየገፋ፣
ከአቮካዶው ጀርባ ግን ያቺ የአንድ ጭብጥ ቦታ
ባዶዋን ተቀምጣለች።
“ይሄስ?” አልኳት።
“ለስኳሩ” አለች፣ ማንጎ እየላጠች፣
ቀና ብላም አላየችኝ።